የሦስት ወር የሪሴፕሽን ሥልጠና ልውሰድ?

«ከሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የሄድኩበት ሁሉ ልምድ ይለኛል። ወንድሜ ሆቴል ሞክሪ አለኝና የሦስት ወር የሪሴፕሽን ሥልጠና አገኘሁ፣ ክፍያው 15 ሺህ ብር ነው። ግን ቁመቴ አጭር ነው፣ እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?» የምትል ጥያቄ ከታቦር ሰፈር ደርሳኛለች።

እህቴ፣ ብሩን ለጊዜው ያዢው። ሥልጠናው መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሪሴፕሽን ላይ ግን ሁሉም ነው የሚሰለፈው፣ አንቺ የተማርሽውን ደግሞ ሆቴሎች አጥብቀው ይፈልጉታል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «አካውንታንት» የሚል ስትፈልጊ ነው ያላየሽው። ስሙ ሌላ ነው፤ ካሸር፣ ስቶር ኪፐር፣ ናይት ኦዲተር፣ ኮስት ኮንትሮለር።

የቁመትሽን ነገር አልዋሽሽም። «መልከ መልካም፣ ቁመቷ ይህን ያህል የሆነ» የሚል ማስታወቂያ ዛሬም ይለጠፋል፣ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ስቶር ውስጥ ግን የሚለካው ሥጋና ዓሳው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።

እስቲ ዓሳውን እንየው፣ ሀዋሳ ተቀምጠን ሌላ ምሳሌ ምን ያደርጋል። ሆቴሉ አሞራ ገደል ዓሳ ገበያ ወርዶ አንድ ኪሎ ቆሮሶ በ300 ብር ገዛ እንበል። ጭንቅላቱ፣ አጥንቱ፣ ቆዳውና ሆድ ዕቃው ሲወጣ የሚቀረው ንጹሕ ሥጋ ሲሶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጉላሹ ውስጥ የሚገባው ዓሳ ኪሎው 300 ሳይሆን 900 ብር ነው ማለት ነው። ይህን ያላሰላ ሆቴል ምግብ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶም ይከስራል፣ ባለቤቱም ሼፉን ሌባ ይላል። ኮስት ኮንትሮለር የሚባለው ሰው ይህን የሚይዝ ነው፤ የገባውን ይመዝናል፣ ለአንድ ሳህን ምን ያህል እንደሚወጣ ያውቃል፣ ወር ሲሞላ ስቶሩን ቆጥሮ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል። ኮስት አካውንቲንግ ተምረሽ የለ? እሱው ነው፣ ሽታ ተጨምሮበት።

ናይት ኦዲተር ደግሞ ቀኑን የሚዘጋው ነው። የክፍሉን ኪራይ በየእንግዳው ሂሳብ ላይ ያስገባል፣ የባርና የሬስቶራንቱን ቢል ካሸሮቹ ካስረከቡት ገንዘብ ጋር ያገናኛል፣ ማኔጀሩ ጠዋት የሚያየውን ሪፖርት ያወጣል። ብዙ ቦታ ሌሊት እንግዳ የሚቀበለውም እሱ ስለሆነ ትንሽ እንግሊዝኛ ያስፈልግሻል፣ ሲዳሙ አፎ የምትችዪ ከሆነ ደግሞ ሲቪሽ ላይ ከፍ አድርገሽ ጻፊው። አዳር ነውና ሆቴሉ በመኪና የሚያደርስሽ መሆኑን ቀድመሽ ጠይቂ።

ቃለ መጠይቅ ላይ ምን ይሉሻል መሰለሽ? 100 ብር የሆነ ምግብ ሰርቪስ ቻርጅና ቫት ሲጨመርበት ስንት ይሆናል ይሉሻል። 125 ካልሽ ወደቅሽ። መጀመሪያ 10 በመቶው ሰርቪስ ይደመራል፣ 15 በመቶው ቫት የሚሰላው በ110 ላይ ነው፤ 126 ብር ከ50 ሳንቲም። ዲግሪ ይዘው እዚህች ላይ የተንሸራተቱ አይቻለሁ። ኤክሴል ላይም ያስቀምጡሽ ይሆናል፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር እችላለሁ ማለት ብቻውን አያዋጣም።

«ታማኝ» የሚል ቃል እያንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ ታያለሽ። ቀጣሪ ልብሽን አያይም፣ የሚያየው ርክክብሽን ነው። እኔ ካሸር ሆኜ በጀመርኩበት ሆቴል፣ ስሙ ይቅር፣ ለገብርኤል ንግሥ ከተማው ጢም ባለበት ማታ የተረከበኝ ልጅ ቸኮለና ሳንቆጥር ሳንፈርም ተቀያየርን። ጠዋት 1,800 ብር ጎደለ። ከደመወዜ ቆረጡት፣ ያኔ ደመወዜ ራሱ 2,000 አይሞላም። ከዚያ ወዲህ የእናቴ ልጅ ቢሆን እንኳ ሳልቆጥር አልረከብም፣ ሳላስፈርምም አልሄድም። «ገንዘብ ቢጎድል ምን ታደርጊያለሽ?» ሲሉሽ እንግዲህ የምትመልሺው አለሽ።

ለካሸርና ለስቶር ሥራ ዋስ ይጠየቃል። ቅጥሩ ከመጣ በኋላ ዘመድ ማሳደድ ልብ ያደርቃል፣ ከአሁኑ አጎትሽን አነጋግሪ። የሙከራ ጊዜ ካለ ደግሞ በጽሑፍ ይሁን፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። «ስድስት ወር እንይሽ» የሚልሽ ካለ ይህን ቁጥር ንገሪው።

የሪሴፕሽን ፍላጎትሽ ካልወጣልሽ ውስጥ ገብተሽ ትማሪዋለሽ፣ ከፍለሽ ሳይሆን እየተከፈለሽ። አሁን ሲቪሽን ሦስት አራት ኮፒ አድርጊና ሐይቁ ዳር ያሉትን በእግርሽ ዙሪ። ጠዋት አትሂጂ፣ እንግዳ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ምሳ አልፎ እራት ሳይደርስ ሂጂና ጥበቃውን «ኮስት ኮንትሮለሩ አለ?» በዪው።