ያ 10 ሚሊዮን ፔሶ ገንዘብ ነው ወይስ ቼክ?

ወንድሜ፣ ከአጎትህ ያገኘኸውን የቦሊቪያ 10 ሚሊዮን ፔሶ ፎቶ አየሁት። «ላዩ ላይ ቼክ ይላል፤ ገንዘብ ነው ወይስ ቼክ? ባንክ ይመነዝርልኛል?» ብለሃል። ሁለቱም ነው። ባንክ ድረስ ግን አትልፋ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የውጭ ብድር ሲደርቅ፣ የቦሊቪያ መንግሥት ወጪውን ገንዘብ በማተም መሸፈን ጀመረ። ግብሩም አላዳነውም። ነጋዴው የተተመነበትን ከወራት በኋላ ሲከፍል፣ ገንዘቡ ረክሶ ነው የሚገባው። ስለዚህ እንደገና ማተም ነው። ነባሮቹ ኖቶች አልበቃ ሲሉ ማዕከላዊ ባንኩ «የሥራ አስኪያጅ ቼክ» እያለ ትልልቅ ቁጥር ያወጣ ጀመር። ሕዝቡም እንደ ብር ተገበያየበት። ያንተ የ1985ቱ ነው፤ ከሁሉም ትልቁ። በዚያ ዓመት የዋጋ ንረቱ ከ8,000 በመቶ በላይ ነበር። ወረቀቱ ደግሞ ከምዕራብ ጀርመንና ከእንግሊዝ በአውሮፕላን ነበር የሚገባው። የራስህን ብር በውጭ ምንዛሬ ስትገዛ አስበው!

እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ከእኛ ሰው ባልተናነሰ ቦሊቪያውያን ሞልተዋል። ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩ የኮቻባምባ እናት አሉ። ያኔ ደመወዝ ቀን እናታቸው ገንዘቡን በማዳበሪያ ይዘው ሲመጡ፣ ልጆቹ ሁሉ ወደ ገበያ ይሮጡ ነበር፤ አንዱ ዘይት፣ አንዱ ሩዝ። ሻጩ እስሩን ሳይፈታ ነው የሚቀበለው። ማን ይቆጥራል?

ነሐሴ 29 ቀን 1985 (በፈረንጆቹ) የ77 ዓመቱ ፕሬዚዳንት ቪክቶር ፓዝ ኤስቴንሶሮ ድንጋጌ 21060ን አወጡ። የመንግሥት ወጪ ተቆረጠ፣ በዋጋና በዶላር ምንዛሬ ላይ የነበረው ቁጥጥርም ተነሣ። ንረቱ በሳምንታት ውስጥ በረደ። ግን ከ20,000 በላይ የማዕድን ሠራተኞች ከሥራ ወጡ፤ ያውም በ1952 ራሳቸው ፓዝ ለመንግሥት ከወረሷቸው ማዕድን ማውጫዎች። መፍትሔው በነጻ አልመጣም።

በ1987 ስድስት ዜሮ ተቆርጦ 1 ሚሊዮን ፔሶ 1 ቦሊቪያኖ ሆነ። እስቲ ጀርባውን ገልብጠው። «10 ቦሊቪያኖ» የሚል ማኅተም ካለ፣ ከለውጡ በኋላም ሠርቷል ማለት ነው። ማኅተም ያለውና የሌለው ለሰብሳቢ ይለያያሉ፤ ሳታይ ዋጋ አትጥራ። ደግሞ እንዳትተኩሰው! እኔ የመጀመሪያዬን እጥፋቱ ይውጣ ብዬ በካውያ አበላሽቼዋለሁ።

እኚያ እናት አንዲት ባለ 5 ሚሊዮን መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አላቸው። ስንቴ ለምኛቸዋለሁ መሰለህ፤ አይሸጡልኝም።