ኩባንያ መጥቶ "ደኑን አብረን እናስተዳድር" ሲላችሁ፦ ከእጣን ማህበር ጸሐፊነቴ የማውቀውን ልንገራችሁ

ሰላም ለናንተ ይሁን የግሩፑ ቤተሰቦች። ከቋራ የጻፈው ወንድማችን ጥያቄ ሁለት ቀን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኝ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈው። ላላያችሁት ባጭሩ፣ አንድ የእጣን ኩባንያ ቀበሌያቸው መጥቶ ደኑን ከናንተ ጋር በጋራ አስተዳድራለሁ፣ ለማህበራችሁ በኩንታል ይህን ያህል እከፍላለሁ፣ የ10 ዓመት ውል እንፈራረም ብሏቸው ሽማግሌዎቹ ግማሹ ይፈረም ግማሹ ይቅር ብለው ተከፋፍለዋል፣ እናም ልምድ ያለው ሰው ይምከረን ነው ያለው። እኔ አሁን ጎንደር አዘዞ ነው የምኖረው ግን መተማ ቆላ ነው ያደግኩት፣ እዛው ባንዱ ቀበሌ የእጣን ማህበር ጸሐፊ ሆኜ ስድስት ዓመት ሰርቻለሁ፣ ከኩባንያ ጋር ሁለት ውል ስንዋዋል ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው ውል ዛሬም ያንገበግበኛል።

ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ኮሜንት ላይ ዋጋውን አስጨምሩ ብሎሃል። ዋጋ ጥሩ ነው ግን እሱን ወደ መጨረሻ ተወው። መጀመሪያ ውሉን ገልብጠህ አንድ ነገር ፈልግበት፣ "ይሄ ደን ዘንድሮ አይነካም፣ ይረፍ" የማለት ስልጣን ያለው ማነው? ኩባንያው ብቻ ከሆነ ወይ ደግሞ ጭራሽ ካልተጻፈ፣ የፈለገውን ያህል በጋራ በጋራ እያለ ቢጻፍ አብራችሁ እያስተዳደራችሁ አይደለም፣ እየሸጣችሁ ነው።

እጣን ለማያውቁት ትንሽ ላስረዳ። የእጣን ዛፍ የሚደማው በበጋ ነው፣ ከጥቅምት ጀምሮ ዝናብ እስኪገባ፣ ቅጠሉ ረግፎ ዛፉ ራቁቱን በሚቆምበት ጊዜ ማለት ነው። ምንጋፍ በሚባል መሳሪያ ከልጡ ላይ በስሱ ይላጣል፣ መጀመሪያ ስትልጠው ሚሊሜትሮች ብቻ ነው የምትገባው፣ ከውስጥ ቀይ ሆኖ ይታይሃል ከዛ ወዲያው ነጭ እንደ ወተት ያለ ነገር ነጠብ ነጠብ ማለት ይጀምራል፣ ሽታው ራሱ ልብ ያርሳል። ያ ነጠብጣብ ሁለት ሶስት ሳምንት ቆይቶ ሲደርቅ ተለቅሞ ያው ቁስል እንደገና ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ይላጣል፣ እንዲህ እየተባለ በአንድ በጋ አስር ዙርም ከዛ በላይም ይደማል። አስበው እንግዲህ፣ ዛፉ ቅጠል የለው፣ ውሃ የለው፣ አበባውንም የሚያወጣው በዚሁ በጋ ነው። እና እኛ በላዩ ላይ በየሶስት ሳምንቱ ቁስሉን እያደስን ነው።

የመጀመሪያው ውላችን ላይ ገንዘቡ መጥቷል፣ አልዋሽም። ወፍጮ ቤት ሰርተንበታል፣ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ቀይረንበታል፣ ለዛም ነው ለሁለት ዓመት ማንም ምንም ያላለው። ግን አድሚዎቹን፣ ዛፉን የሚያደሙትን ሰዎች ማለቴ ነው፣ የሚያመጣው ኩባንያው ነበር፣ ከሩቅ የሚመጡ የወቅት ሰራተኞች ናቸው፣ የሚከፈላቸው ደግሞ በኪሎ ነው። በሰዎቹ አልፈርድም፣ ቤተሰብ አላቸው፣ በዛ ሙቀትና ወባ ውስጥ ስምንት ወር ጫካ የሚያድር ሰው በኪሎ ከተከፈለው ኪሎ ነው የሚያበዛው፣ በዛ ላይ በሚቀጥለው ዓመት እዚሁ ጫካ ይመለስ አይመለስ አያውቀውም። እጄ በማይሞላ ቀጭን ዛፍ ላይ ሳይቀር ቁስል ይከፈት ነበር። በሶስተኛው ዓመት አንድ አባት፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ እጣን ሲያደሙ የኖሩ ናቸው፣ ና እስቲ ብለው ይዘውኝ ገቡ። አንድ ትልቅ ዛፍ ጋ ቆሙና ቁጠር አሉኝ። ቆጠርኩ፣ ከታች ጉልበቴ ጋ ጀምሮ እጄ እስከሚደርስበት ድረስ 19 ቁስል ነበረው ባንድ ዛፍ። ከዛ ዱላቸውን አዙረው ግንዱን ሲመቱት እንደ ባዶ በርሜል ድምፅ ሰጠ። ልጡን በጣታቸው ፈለቀቅ ሲያደርጉት ዱቄት ወረደ፣ ጥንዚዛ ገብቶ ውስጡን ጨርሶታል። "ይሄን ነፋስ ነው የሚጥለው፣ እኛ ግን ነፋስ ጣለው ብለን ነው የምንጽፈው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እኔ ነበርኩ በቃለ ጉባኤ ላይ በነፋስ የወደቁ ዛፎች እያልኩ የምጽፈው።

ያን ቀን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን የወደቀው አይደለም፣ ያልበቀለው ነው። ዞር ብለህ ስታይ ትልልቁ ዛፍ አለ፣ ከስር ክረምት ላይ የበቀለች ጣት የምታክል ችግኝም አለች፣ መሀል ላይ ያለው የለም። ጎረምሳ የሚባል ዛፍ የለም። እናትና አባት ኖረው አራስ ልጅ ኖሮ ወጣት የሌለበት አገር ማለት ነው። በኋላ አንድ ስልጠና ላይ ባለሙያ ሲያስረዳ ይሄ የኛ ቀበሌ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። በፈረንጅ 2019 የወጣ ትልቅ ጥናት ይሄ የእጣን ዛፍ በአብዛኛው ቦታ ወጣት ዛፍ እንዳጣና ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ ምርቱ በግማሽ እንደሚቀንስ ነው የሚለው። ከዛ ቀደም ብሎ በፈረንጅ 2006 ኤርትራ ውስጥ የተሰራ ደግሞ አለ፣ ካልደማ ዛፍ የተሰበሰበ ዘር ከመቶ 80 በላይ ሲበቅል ከሚደማው ዛፍ የተለቀመው 16 እንኳን አይሞላም። ስለዚ ዛፉን ማሳረፍ ማለት ለዛፉ ማዘን ብቻ አይደለም፣ ዘር ማግኘት ነው። ይሄን ስሰማ ነው ያ የመጀመሪያው ውል ላይ "እረፍት" የሚል ቃል አንድም ቦታ እንደሌለ ትዝ ያለኝና እንቅልፍ ያጣሁት።

ሁለተኛውን ውል ስንዋዋል እንግዲህ አንድ ወር ነው የተከራከርነው። ኩባንያው ሌላ ኩባንያ ነበር፣ ስሙን አላነሳም፣ ሰዎቹ ግን መጥፎ አልነበሩም፣ የሳይቱ ኃላፊ ራሱ ሻይ ላይ "እኔም ደኑ ካለቀ ስራዬ ያልቃል" ያለኝ ሰው ነው። ደኑን በአራት ክልል ከፈልነው፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር በእግር ዞረን ወንዙን፣ ኮረብታውን፣ ትልቁን ዋርካ ምልክት አድርገን፣ ከዛ ባለሙያው በጂፒኤስ አስቀመጠው። በየዓመቱ አንዱ ክልል ሙሉ በሙሉ ያርፋል፣ የትኛው እንደሚያርፍ የሚወስነው የማህበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፣ ኩባንያው ይመካከራል እንጂ አይሽርም። ይቺን ዓረፍተ ነገር ለማስገባት ሶስት ጊዜ ተጣልተን ወጥተናል። ከ10 ሴንቲ በታች ውፍረት ያለው ዛፍ አይነካም፣ በአንድ ዛፍ ላይ የሚከፈተው ቁስል ብዛት እንደ ውፍረቱ ይገደባል፣ የተቆጠረው ዛፍ ቀለም ይቀባል። አድሚዎቹ ግማሽ የማህበሩ ልጆች እንዲሆኑ፣ ክፍያውም በኪሎ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ቁስሉን በትክክል ለከፈተ ጉርሻ እንዲኖረው አደረግን። የመጀመሪያው በጋ ምርቱ ቀንሶ አባላቱ ሊበሉኝ ነበር፣ ሴቶቹ ሳይቀሩ ጸሐፊው ገንዘባችንን ዛፍ ላይ ሰቀለው እያሉ ነበር። እኔ ግን ዛሬም አልጸጸትም።

ሚዛኑን እንዳልረሳ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ከምንም በላይ እምነት የሚያበላሸው እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ እጣኑ የሚመዘነው መጋዘን በር ላይ በተንጠለጠለ የኩባንያው ሚዛን ነበር፣ አንድ ቀን አንድ ልጅ ከከተማ 50 ኪሎ የስኳር ማዳበሪያ ሳይከፈት ተሸክሞ መጣና ስቀሉልኝ አለ፣ 46 መዘነ። ግቢው ፀጥ አለ። ከዛ ቀን በኋላ የኩባንያው ሰው እውነት ቢናገርም የሚያምነው አልነበረም። በሁለተኛው ውል ሁለት ሚዛን ሆነ፣ አንዱ የኛ፣ እና በየወሩ ባንድ የታወቀ ክብደት ይፈተሻል። ደረጃ ማውጣቱ ላይም እንደዛው ነው፣ እጣን በመጠንና በቀለም ነው የሚለየው፣ ትልቁና ነጩ አንደኛ ነው፣ ጠቆር ያለውና ዱቄቱ መጨረሻ። ወንፊት ይዘው የሚለዩት የኛው እናቶች ናቸው፣ ግን ደረጃውን መዝገብ ላይ የሚጽፈው የኩባንያው ሰው ብቻ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ አብራ እንድትፈርም ስናደርግ የአንደኛው ደረጃ ድርሻ ከፍ አለ። ሰው ሰረቀ ልል አይደለም፣ አብሮ የሚያይ ዓይን ሲኖር ብዕር ይጠነቀቃል።

ሌላው ሰው የሚረሳው፣ ውሉ የናንተና የኩባንያው ቢሆንም ደኑ ውስጥ የሚገባው ሰው ከሁለታችሁ ይበልጣል። ክረምት ላይ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደውን ከብት ታውቀዋለህ፣ እዛ ቋራም ያው ነው። ያቺን ጣት የምታክል ችግኝ የሚበላትና የሚረግጣት እሱ ነው፣ ከከብት የተረፈችውን ደግሞ በበጋ እሳት ይወስዳታል፣ እሳቱም አንዴ ከማር ቆራጭ፣ አንዴ ለሰሊጥ ከሚመነጠር እርሻ፣ አንዴ አዲስ ሳር እንዲበቅል ተብሎ ከሚለኮስ ነው። ኩባንያው ጥበቃ ልቅጠር አለ፣ ቀጠረም፣ አልሰራም፣ ምክንያቱም ባለ ከብቶቹ ከጥበቃው ጋር እንጂ ከኛ ጋር አልተስማሙማ። የሰራው ሽማግሌ ልከን ደጋ ድረስ ሄደን ስናነጋግራቸው ነው፣ ያረፈው ክልል ውስጥ ከብት አይገባም፣ በምትኩ ሳሩን አጭዶ መውሰድ ይቻላል፣ ህዳር ላይ ሳሩ ሳይደርቅ የእሳት መከላከያ መስመሩን አብረን እንጠርጋለን ተባባልን። የጉሙዝ ወንድሞቻችንም ከማንም በፊት እዛ የነበሩ ናቸው፣ የማሩን የስራስሩን የወንዙን ነገር እነሱን ሳትጠይቅ ካርታ ብትስል ካርታህ ጎዶሎ ነው። እኛ መጀመሪያ አልጠየቅናቸውም፣ ትክክል አልነበረም፣ ጉባኤው ላይ ወንበር ያገኙት በሁለተኛው ውል ነው።

ህጉን በተመለከተ አንዱ ኮሜንት ላይ ደን የመንግስት ነው ምንም መብት የላችሁም ያለህን አትስማው። የድሮው የ1999 አዋጅ ቁጥር 542 የሚያውቀው የግልና የመንግስት ደን ብቻ ነበር እውነት ነው፣ አሁን የሚሰራው የ2010ሩ አዋጅ ቁጥር 1065 ግን የማህበረሰብ ደንና የማህበር ደን ብሎ ለይቶ እውቅና ሰጥቷል፣ አሳታፊ የደን አስተዳደርንም ይዟል። ይሄ አሳታፊ የሚባለው ነገር አገራችን ውስጥ አዲስ አይደለም፣ ከነጭሊሞና ቦንጋ ደኖች ጀምሮ ሰላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ስለዚ ከኩባንያው በፊት የናንተ ደን በየትኛው ስም እንደተመዘገበ አጣሩ፣ ድንበሩ በካርታ ይውጣ፣ ማህበራችሁም በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ በ985/2009 መሰረት ህጋዊ ሰውነት ይኑረው። በእጃችሁ የያዛችሁት ወረቀት ሳይኖር በጋራ እናስተዳድር ማለት አንዱ ቤት ይዞ ሌላው እንግዳ ሆኖ መቀመጥ ነው።

ያ ስልጠና ላይ የሰማሁትን አንድ የካናዳ ነገር ልጨምር፣ እኔን ብዙ አስተምሮኛል። ቫንኩቨር ደሴት ላይ ክላዮኮት ሳውንድ የሚባል ያረጀ ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ፣ በፈረንጅ 1993 የጣውላ ኩባንያ እንዳይጨፈጭፈው ሰው መንገድ ዘግቶ ከ800 በላይ ሰው ታስሯል። ከዛ ኩባንያው፣ ማክሚላን ብሎዴል ነው የሚባለው፣ ከአገሬው ተወላጆች ከኑቻኑልዝ ህዝቦች ጋር ተስማምቶ ኢሳክ የሚባል የጋራ ድርጅት አቋቋሙ፣ ስሙ በቋንቋቸው ክብር ማለት ነው። ድርሻው እንዴት ነው ያልክ እንደሆነ 51 ከመቶ የህዝቡ 49 የኩባንያው። ያቺ አንድ ሁለት ፐርሰንት ትርፍ ለማካፈል አይደለችም፣ እጅ ሲወጣ የመጨረሻውን እጅ የምታወጣው እሷ ናት። በኋላ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወደነሱ ዞሯል። እኛ 51 ከመቶ የሚባል ነገር ማግኘት አልቻልንም፣ ኩባንያውም አይሰጥም፣ ግን የእረፍቱን ውሳኔ ማግኘት ችለናል፣ እናንተም ትችላላችሁ።

10 ዓመት የሚለውን አትቀበሉ። እጣን ላይ 10 ዓመት ማለት ዛፉ እስኪወድቅ ማለት ሊሆን ይችላል። በሶስት ዓመት ጀምሩ፣ በየዓመቱ ዛፉን አብራችሁ ቁጠሩ፣ የሞተው፣ የበቀለው፣ የወደቀው ይጻፍ፣ እንደ እኔ ነፋስ ጣለው ብላችሁ አትጻፉ። ቁራጭ መትከልም ይቻላል፣ ከዛፉ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ሲተከል የሚይዝ አለ፣ ብዙውም ይሞታል ግን የያዘው ከዘር ከሚበቅለው ቶሎ ከከብት አፍ ያመልጣል፣ ወጪው በኩባንያው ይሁን ብላችሁ አስገቡበት። ባለፉት ዓመታት በሰላሙ መጥፋት ምክንያት እኛ የጀመርነውን ያህል አልቀጠልንም፣ እኔም ወደ ጎንደር የወጣሁት በዛው ሰሞን ነው፣ ባለፈው ዓመት ግን ያ የመጀመሪያው ያረፈ ክልል ውስጥ ቁመቴን የሚያክል የእጣን ዛፍ አየን ብለው ደውለውልኛል፣ ስልኩን ይዤ ዝም ብዬ ነው የቆየሁት።

አሁን ጥቅምት ሳይገባ ነው የሚያስፈርሟችሁ፣ ማድማቱ እንዳያመልጠን እያሉ ያቻኩሏችኋል፣ አትቸኩሉ፣ አንድ በጋ ቢያልፍ ደኑ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ውሉን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፣ የሰው ስምና ፊርማ ሸፍነው ብቻ፣ ሚዛኑና የሰራተኛ ቅጥሩ ያለበትን ገጽ አስቀድመህ ላክልኝ፣ ማታ ማታ እያነበብኩ ያለኝን እጽፍልሃለሁ።