ታራሚ ለምን ከአንድ የጥበቃ ደረጃ ወደ ሌላ ይዛወራል? ጥያቄና መልስ

መላሹ ጡረታ የወጡ የማረሚያ ቤት ባልደረባ ናቸው፤ የሚኖሩት ደብረ ማርቆስ ነው። ጠያቂዎቹ የታራሚ ቤተሰቦች ናቸው፤ ከየወረዳው።

ከሞጣ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወንድሜ ምንም ሳያጠፋ ጥብቅ ጥበቃ ያለበት ክፍል ገባ። ምን በደለ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። የጥበቃ ደረጃ ቅጣት አይደለም፤ ያዙልኝ። የሚታየው ሰውየው ቢያመልጥ ወይም ቢጣላ ምን ያህል ያሰጋል የሚለው ነው። ሳያጠፋም ከፍ ሊል ይችላል። አዲስ ክስ ሲከፈትበት፣ ሊያመልጥ ነው የሚል ጥቆማ ሲመጣ፣ ወይ ባለደሙ እዚያው ግቢ ሲገባ። የመጨረሻውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ደም የተቃቡ ሰዎች አንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም። የሚለየው ነፍሱ እንድትተርፍ ነው፤ እሱ ግን የተበደለ ይመስለዋል። ለደላላ ብር እንዳትሰጡ።

ከቢቸና፦ ወደ ቀላሉ ለመመለስ ስንት ይበቃል?

መልስ፦ ምንም። አሁን ምን አልኩ?

ከዳንግላ፦ የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ፌዴራል እስር ቤት ነው ያለው። ከመካከለኛ ወደ ዝቅተኛ ወረደ አሉን። ሊፈታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ማንበብ እወዳለሁ። እነሱ በነጥብ ይሠራሉ። ለወንድ ከ12 እስከ 15 ዝቅተኛ፣ ከ16 እስከ 23 መካከለኛ፣ 24 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። የወንጀሉ ክብደት፣ የቀድሞ ጠብና ማምለጥ፣ ትምህርት፣ ሁሉም ይደመራል። ዕድሜ እንኳ ነጥብ አለው። 24 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ 8 ነጥብ ይጫንበታል፤ 55 የሞላው ምንም። ስለዚህ ልጁ ዝም ብሎ ቢያረጅ እንኳ ነጥቡ ይወርዳል። ግን ነጥብ ብቻ አይደለም፤ ከ10 ዓመት በላይ የቀረው ሰው ነጥቡ ቢያንስም እንደ ደንቡ ከዝቅተኛም በታች ያለው የመጨረሻው ቀላል ካምፕ አይገባም።

የእንግሊዝ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆርጅ ብሌክ የሚባል ሰላይ፣ 42 ዓመት የተፈረደበት፣ ከለንደን እስር ቤት አመለጠ። የወጣው በገመድ መሰላል ነው፤ እርከኑ የሹራብ መሥሪያ ዘንግ! አገር ተናወጠ። መንግሥት እንዲያጣሩ የሾማቸው ሎርድ ማውንትባተን አጥንተው እስረኛ በአራት ምድብ ይከፈል አሉ። አንደኛው ምድብ ቢያመልጥ ለሕዝብም ለመንግሥትም እጅግ አደገኛ የሆነው ነው። አራተኛው ክፍት ግቢ ቢያስቀምጡት የማይሸሸው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ ለንደንን ተዉልን። እናቴ ለተዛወረው ልጇ ስንቅ ተሸክማ ባሕር ዳር ድረስ ትመላለሳለች። ይሄ ቅጣት ካልሆነ ምንድን ነው?

ከደብረ ማርቆስ፦ ባሕር ዳር ለእናንተ ሩቅ ነው እንዴ? የደጀን ሰው ምን ይበል?

ከፍኖተ ሰላም፦ በሶ ተሸክመህ ሞክረውና ንገረኝ። መኪናውም በሰዓቱ አይገኝም።

ከደጀን፦ እኛንማ ማን ጠየቀን?

መልስ፦ ስለ መንገዱ ሌላ ቀን ትጣላላችሁ። የእናትህ ድካም ግን እውነት ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው የማንዴላ ደንብ እስረኛ በተቻለ መጠን ቤቱ አጠገብ ይታሰር ይላል። ሲዛወርም ወዲያው ለቤተሰቡ የማሳወቅ መብት አለው። ሰው ሳይነገረው በር ላይ ስንቅ ይዞ መመለስ የለበትም።

ከደጀን፦ ደረጃው ከወረደ አመክሮውም ይፈጥናል?

መልስ፦ አይፈጥንም። አመክሮ የሚጠየቀው የፍርዱ ሁለት ሦስተኛ ሲያልቅ ነው፤ ዕድሜ ልክ ከሆነ ከ20 ዓመት በኋላ። ጠባዩ ግን ለሁለቱም ይታያል።

ከደምበጫ፦ ጋሼ፣ አንድ ሰው 15 ሺህ ብር ካመጣችሁ አዛውረዋለሁ ብሎናል...

መልስ፦ ስንቴ ልናገር? ደላላ ነው። ብሩን በልቶ ይጠፋል፤ ልጁም መዝገቡ ላይ ጉቦ ሞከረ ተብሎ ይጻፍበታል።

ከደምበጫ፦ እሺ፤ ታዲያ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ልጁ ራሱ በጽሑፍ ይጠይቅ። ምክንያቱን በግልጽ ያስቀምጥ፤ ሕመም ከሆነ የሐኪም ወረቀት፣ ጠብ ከሆነ ከማን ጋር እንደሆነ። «ደረጃዬ ይታይልኝ» ብቻ ብሎ ማመልከት ዋጋ የለውም። ቅጂውን ይያዝ። እናንተም ጥየቃ ስትሄዱ ስለ ማመልከቻው ጠይቁት።

ከቢቸና፦ የእስረኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ቢያግዘውስ?

መልስ፦ ካቦ ደረጃ አይሰጥም። ቀጣይ።