ልጄ የአያቷን ልብስ አልለብስም አለች

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኒው ጀርሲ፣ ኤዲሰን ነው። ባለቤቴ ጉጃራቲ ህንዳዊ ነው፤ ያደገው እዚሁ ጀርሲ ሲቲ፣ ወላጆቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ መጥተው። የ13 ዓመት ልጃችን እስከ አምና ናቭራትሪ ለሚባለው የሂንዱ በዓል አያቷ የሚያሰፉላትን ቻኒያ ቾሊ የተባለ የባህል ልብስ ደስ ብሏት ትለብስ ነበር። ዘንድሮ «አልለብስም» ብላ በሯን ዘጋች። አማቴ አለቀሱ። «እናቷ ናት ያስቀረቻት» ብለው ለባሌ ነገሩት። እሱ ዝም ብሏል። ራሱም ኩርታ፣ ማለትም የእነሱን ረጅም የባህል ሸሚዝ፣ ለብሶ አይቼው አላውቅም፣ ለሠርጋችን እንኳ ሱፍ ነው የለበሰው። እውነቱን ለመናገር፣ የእኔን የሀበሻ ቀሚስ ግን እንቢ ብላኝ አታውቅም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር። «የእኔን ቀሚስ ግን» ያልሽው ላይ ትንሽ ደስታ አየሁ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። ልክ ከሆንኩ ግን ልጅሽም አማትሽም ሳያዩት አይቀሩም።

ለመሆኑ ሁለቱን ልብሶች ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አይተሻል? ቻኒያ ቾሊ ሰፊ ጉርድ፣ አጭር ሸሚዝና ዱፓታ የሚባል ሻሽ ነው። ሸሚዙ ብዙ ጊዜ ሆድና ጀርባን ያሳያል። የሀበሻ ቀሚስ ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል። በ12 እና በ13 ዓመት መካከል የሴት ልጅ ሰውነት ይቀየራል። አምና ያላሳፈራት ነገር ዘንድሮ ሊያሳፍራት ይችላል። እናንተ ስለ ባህል ትጣላላችሁ፣ ልጅቷ የጨነቃት ሆዷ መታየቱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይቻለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ እሷን ጠይቂያት። «ለምን?» አትበያት፤ ለምን ሲባሉ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች «እንጃ» ነው የሚሉት። መኪና ውስጥ፣ ዐይን ለዐይን ሳትተያዩ፣ «የቱ ነው የማይመችሽ?» በያት። ሸሚዙ ከሆነ ረዘም ተደርጎ ይሰፋል። የህንድ ሱቆች በሞሉበት በእናንተው ኦክ ትሪ ሮድ ላይ ልብስ ሰፊ አታጡም። ከአያቷ ጋር ሄዳ ጨርቁን ራሷ ትምረጥ።

ሌላም ሊሆን ይችላል። የናቭራትሪው ጭፈራ፣ ጋርባ፣ ክብ ተሠርቶ ነው የሚጨፈረው፣ ሁሉም ሁሉንም ያያል። ፀጉሯና መልኳ ካንቺም የመጣ ልጅ እዚያ አዳራሽ ስትገባ «የማን ልጅ ናት?» የሚል ዐይን ይከተላት ይሆናል። እኔ ሳሪ መጀመሪያ ያየሁት ሰባተኛ ክፍል፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ነው። ህንዳዊቷ የሂሳብ መምህራችን በመስከረም ጭቃ ሳሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሲያልፉ ክፍሉ በሙሉ መስኮት ላይ ይወጣ ነበር። ክፋት አልነበረንም። ግን በየቀኑ እንደዚያ መታየት ምን እንደሚመስል አንድ ቀን አስበን አናውቅም።

ጂን ፊኒ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር፣ ልጆች ትንሽ ሳሉ ሳይጠይቁ የተቀበሉትን ማንነት በአፍላ ዕድሜያቸው መፈተሽ እንደሚጀምሩ ጽፈዋል። የልጅሽ «አልለብስም» የዚህ ፍተሻ ክፍል ሊሆን ይችላል። እስክትጨርስ ጊዜ ስጧት። በጂንስ ላይ ዱፓታ ጣል አድርጋ መሄድ ከፈለገችም ትሂድ።

አሁን ወደ አማትሽ። እ.ኤ.አ. በ1987 ጀርሲ ሲቲ ውስጥ ራሱን «ዶትባስተርስ» ብሎ የሚጠራ የወጣቶች ቡድን ተነስቶ ነበር። ስሙ የህንድ ሴቶች ግንባራቸው ላይ ከሚያደርጉት ነጥብ የመጣ ነው። ህንዶችን ከከተማው እናባርራለን ብለው ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ። ብዙ ሰው ተደበደበ። በዚያው ዓመት አጠገባቸው ባለችው ሆቦከን አንድ ህንዳዊ ተደብድቦ ሞተ። አማትሽ ያኔ እዚያ ነበሩ። ባልሽ ሕፃን ነበር። በእነሱ ቤት ምን እንደደረሰ እኔ አላውቅም፣ አንቺም የምታውቂ አልመሰለኝም። ሳሪ ለብሶ አውቶቡስ መጠበቅ የሚያስፈራበት ከተማ ውስጥ ልጅ ያሳደገች እናት፣ የልጅ ልጇ በፈቃዷ ልብሱን ስትተው ምን ሊሰማት እንደሚችል አስቢው። የባልሽም ሱፍ ታሪክ ይኖረው ይሆናል።

እሱን ለብቻው ጠይቂው። አንድ ነገር ግን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪው፦ የእናቱን ወቀሳ ላንቺ እያመጣ ዝም ማለት አይችልም። «ሚስቴ አላስቀረቻትም» ብሎ ለእናቱ መናገር የእሱ ሥራ ነው። አንቺ ብትናገሪው ክርክር ነው የሚሆነው።

ካማትሽ ጋር ያንቺ ሥራ ሌላ ነው። ሳሪ አለባበስ እንዲያስተምሩሽ ጠይቂያቸው። አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ጨርቅ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ይተበተብብሻል፣ ይሳቅብሽ። በጉጃራቲ አለባበስ ጫፉ ከኋላ በቀኝ ትከሻ በኩል ወደ ፊት እንደሚወርድ ያሳዩሻል። አንቺም ነጠላ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ እንዴት እንደሚለይ አሳያቸው። ልጅቷን አትጥሩ። በሩ ክፍት ከሆነ ትሰማለች።

የዘንድሮው ናቭራትሪ አልፏል። የብርሃን በዓላቸው ዲዋሊ ከናቭራትሪ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይመጣል፤ ለእሱ ብለሽ አዲስ ልብስ ለመግዛት እንዳትቸኩዪ። ያንን ቻኒያ ቾሊም ለማንም እንዳትሰጪው። መስታወት የተጠለፈበት ከሆነ ማሽን ውስጥ አይግባ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው።