ዝም ስላለው ኮምፒውተር

ልጆቼ፣

ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር ስጠግንና ካሴት ወደ ሲዲ ስገለብጥ ነው ያረጀሁት። ቅኝቶቹ ባቲና አምባሰል ተብለው በአገራችን ስም በሚጠሩበት ወሎ ተወልጄ ሌላ ምን ልሆን ኖሯል!

በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም የጀመራችሁ ልጆች ሱቄ በር ላይ ስትከራከሩ እሰማለሁ። ነጻ ሶፍትዌር፣ ማለትም ማንም ኮዱን አይቶ ሊለውጠውና ሊያካፍለው የሚችል ፕሮግራም፣ የኩባንያ ፎርማት (ኩባንያ የያዘውን የፋይል ዓይነት) መክፈት አለበት ወይስ የለበትም? እኔ በጊዜዬ "የለበትም" ባይ ነበርኩ። እንደ እኔ እንዳትሳሳቱ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።

ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ሥራ ሲጀምር የፈለገው ነጻነት እንጂ ርካሽ ዕቃ አይደለም እያልኩ ለደንበኛ ሁሉ እሰብክ ነበር። ቋንቋችንም አያግዝ፤ "ነጻ ነው" ስትል ሰው ሁሉ እጁን ይዘረጋል። ከስብከቱ በኋላ ፌዶራ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት እጭንላቸዋለሁ። ፌዶራ ያኔ ኤምፒ3፣ ሰው ሁሉ ዘፈን የሚይዝበትን ፎርማት፣ አያጫውትም። አቅቶት አይደለም፤ የፓተንቱ (የፈጠራ መብቱ) ባለቤቶች ክፍያ ስለሚጠይቁ ነው። ኮዴኩን፣ ፎርማቱን የሚፈታውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ከኢንተርኔት አውርዱ ይባላል። ኢንተርኔት የት አለና!

አንድ ተማሪ መንዙማ የሞላ ፍላሽ ይዞ መጣ። ሰካው። ዝም።

"ጋሼ፣ ስፒከሩ ተበላሽቶ ነው?"

ስለ ፓተንት አስረዳሁት። በ2002 የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ ስለወጣው ኦግ ቮርቢስ፣ ማንም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት ስለሚችለው ፎርማት፣ ረጅም ንግግር አደረግኩለት። ጨዋ ልጅ ነው፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። በሳምንቱ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ጭኖ አገኘሁት። መንዙማውን ብከለክለው ሊኑክሱን ጣለው። እኔ ግን መርሄን ጠብቄያለሁ ብዬ ተኩራርቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ኩራቴን ያበረደው የራሴ ዕቃ ነው። ሐይቅ አካባቢ የአንዲት እናት እንጉርጉሮ በትንሽ የድምፅ መቅጃ ቀድቼ ነበር። መቅጃው የሚያስቀምጠው በገዛ ፎርማቱ ብቻ ነው። ዓመታት አለፉ፤ አምራቹ ማጫወቻውን ተወው፣ አዲሱ ዊንዶውስም አልቀበልም አለው። እሳቸው አርፈዋል። ድምፃቸው እኔ ጋ፣ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ።

የከፈተልኝ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባል የድምፅና የቪዲዮ ፎርማት የሚፈታ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ፋብሪስ ቤላርድ በ2000 የጀመረው ሥራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች ስንቱን የኩባንያ ፎርማት ባይት በባይት እየፈቱ ጨመሩበት። እነሱም እንደ እኔ "አንነካም" ቢሉ ኖሮ የእኚያ እናት ድምፅ ዛሬም ታፍኖ ይቀር ነበር።

ፊደላችንም ይህን አይቷል። የዓለም ፊደል ሁሉ በኮምፒውተር አንድ ዓይነት ኮድ በሚያገኝበት ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌሩ ሁሉ የየራሱ ኮድ ነበረው። የዚያን ዘመን ደብዳቤ ዛሬ ብትከፍቱ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የምታዩት። ታዲያ መቀየሪያ የሠራለት ሰው ያገለገለው ኩባንያውን ነው ደብዳቤውን?

"የለበትም" ባዮቹም ግን አልሳቱም። ሁሉም ነገር እንደ ልብ ሲከፈት ቁልፉ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አይኖርም። ስለዚህ የቆየውን ክፈቱ፣ አብሽሩ። አዲስ ስትቀዱ ግን የራሳችሁን ሥራ በሰው ቁልፍ አትቆልፉ። ማንም ያለ ክፍያ የሚጠቀምባቸው ፎርማቶች አሉ፦ ለማስቀመጥ ድምፁን ሳይቀንስ የሚይዝ ፍላክ አለ፤ ለንግግር ኦፐስ ሸጋ ነው።

ኤምፒ3 ራሱ በ2017 ነጻ ወጣ፤ ፓተንቱን ከያዙት አንዱ፣ የጀርመኑ ተቋም ፍራውንሆፈር፣ የፈቃድ ክፍያውን አቆመ። ያ ተማሪ ግን እስከዚያ አልጠበቀኝም።

ባለፈው የእኚያ እናት ልጅ ፍላሽ ይዛ መጣች። በፍላክ ገለበጥኩላት። "ጋሼ፣ ወንድሜ መኪናው ላይ ሊሰማው ነው፤ ቴፑ ከኤምፒ3 በቀር አያውቅም" አለችኝ። አፌ ስለ ኦግ ቮርቢስ ሊጀምር ሲል ያዝኩት። ሁለቱንም ጫንኩላት።