የተቀደደ የመጥለቂያ ልብስ ቤት ውስጥ ስለ መጠገን

የውኃ መጥለቂያ ልብስዎ ጉልበቱ ላይ እንደተቀደደና ቤት ውስጥ ይጠገን እንደሆነ ጠይቀዋል። ይጠገናል። በመጀመሪያ ጨው በሌለው ውኃ አጥበው ፈጽሞ እስኪደርቅ ይታገሡ፤ ልብሱ የተሠራበት ስፖንጅ መሰል ጎማ፣ ማለትም ኒዮፕሪን፣ እርጥብ ከሆነ ማጣበቂያ አይዝም። ከዚያ የኒዮፕሪን ማጣበቂያ በቅዳጁ ሁለት ጠርዞች ላይ በስሱ ይቀቡ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይድገሙት። ጣት ላይ መቅረቱን ሲተው ጠርዝ ለጠርዝ አጋጥመው አጥብቀው ይጫኑትና ለ24 ሰዓት አይንኩት። ፈጣን ሙጫ ግን እባክዎ አይጠቀሙ፤ ደርቆ ስለሚጠጥር ልብሱ ሲለጠጥ ይሰነጠቃል። በላዩ መስፋት ከፈለጉ መርፌው የላይኛውን ጨርቅ ብቻ ይያዝ፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከወጣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውኃ ያስገባል።

የመተንፈሻውን ሬጉሌተር (ከአየር ሲሊንደሩ የሚመጣውን የአየር ግፊት ለመተንፈስ እንዲመች የሚቀንሰውን መሣሪያ) ግን ለሠለጠነ ባለሙያ ይተዉት። ቱቦው ላይ ስንጥቅ ካዩም አይለጥፉት፤ ይቀይሩት።