መልስ፦ ካሰል ያለው ማዕከል ስራ ያስቀጥራል ወይ ላልከው

ሰላም ወንድሜ፣ ጀርመን ካሰል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ኢንቸር ለተመራቂ ስራ ያፈላልጋል ወይ ብለህ ነበር፣ አይ እንደሱ አይደለም፣ የምርምር ማዕከል ነው። በፈረንጆቹ 1978 ሲከፈት ስሙ ራሱ የሙያና የከፍተኛ ትምህርት ጥናት ማዕከል ነበር፣ ፕሮፌሰር ኡልሪሽ ታይሽለር ለብዙ አመት መርተውታል። ማዕከሉ ከሚታወቅባቸው ስራዎች አንዱ ምን መሰለህ፣ ሰው ከተመረቀ በኋላ የት ገባ፣ በተማረበት ነው ወይስ በሌላ ነገር እየሰራ ያለው፣ ስራ ለማግኘት ስንት ወር ፈጀበት ምናምን እያሉ ራሱን ተመራቂውን ይጠይቃሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ (አሁንም በፈረንጆቹ) ቺርስ በሚባለው ፕሮጀክት 11 የአውሮፓ አገሮችና ጃፓን ውስጥ፣ ከተመረቁ 4 አመት ገደማ የሆናቸውን ከ30 ሺ በላይ ሰዎች ጠይቀዋል፣ ቀላል አይደለም እኮ! እኛ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ትሬሰር ስተዲ የሚሉት ነገር ያው እንዲህ ተመራቂውን ተከታትሎ መጠየቅ ነው፣ እንዲያውም ሃራልድ ሾምበርግ የሚባሉት የዛው የካሰል ተመራማሪ ለዚህ አይነቱ ጥናት መመሪያ መጽሐፍ ጽፈዋል። እና የምትፈልገው ስራ ከሆነ እዛ ጊዜህን አታባክን፣ ፒኤችዲ አስበህ በተመራቂና በስራ ዙሪያ ርዕስ ካለህ ግን ፕሮፌሰሮቹን በኢሜይል ማናገር ያዋጣል።